ከድግሱ በፊትና ከድግሱ በኋላ

(ለተማሪዎችና ለወላጆች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ውጤት እንዴት ያከብራል? የራሳቸውን ሥራ ለመጀመር የሚፈልጉትንስ እንዴት ይረዳል?» የሚል ነው። ርዕሱን ሰምቶ «ይህ የሀብታም ልጆች ወሬ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። እኔ ግን ጉዳዩ የራሳችን ነው እላለሁ። ከልጆቻችን መካከል ሚንሃል አሳኪም፣ ማለት የንግድ ሥራ አመራር፣ የሚማሩት ጥቂት አይደሉም። ቶአራቸውን ይዘው ሲወጡ አዳራሽ እንከራያለን፤ እንጀራው ይጋገራል፣ ዶሮው ይሠራል፤ ዘመድ ከቂርያት ጋት፣ ከአሽዶድ፣ ከኔታንያ ይሰበሰባል፤ እስክስታው ይመታል። ደስታው ተገቢ ነው። ልጅን እዚህ ለማድረስ ወላጅ የከፈለውን የምናውቅ እናውቀዋለን። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፤ እንግዳው ተሸኝቶ አዳራሹ ሲዘጋ በተመራቂው እጅ ምን ይቀራል?

ወደ ሌላ አገር ከመሄዳችን በፊት ከራሳችን እንነሳ። የእጅ ሥራና ንግድ ለቤተ እስራኤል እንግዳ ነገር አይደለም። በሰሜን፣ በደምቢያ፣ በወገራ አባቶቻችን ብረት ቀጥቅጠው ማረሻና ማጭድ አውጥተዋል፣ ሸማ ሠርተዋል። እናቶቻችን ጭቃ አቡክተው እንስራና ምጣድ፣ ማሰሮና ጀበና ሠርተው ገበያ አውርደዋል። በጎንደር ከተማ አጠገብ ያለችው ወለቃ መንገደኛ ቆሞ የሸክላ ሥራ የሚገዛባት መንደር ነበረች።

ልጁ ሙያውን የተማረው በአባቱ ወናፍ አጠገብ ተቀምጦ ነው። የመጀመሪያውን ማጭድ ቢያበላሽ ብረቱ የአባቱ ስለሆነ ኪሳራው ልጁን አይሰብረውም። ማጭዱ ሲያምርለትም ገዢ ፍለጋ አይንከራተትም፤ የአባቱ ደንበኛ የእርሱም ደንበኛ ነው። እንግዲህ መምህር፣ መነሻና ገበያ፣ ሦስቱም በአንድ ጎጆ ውስጥ ይገኙ ነበር ማለት ነው። የጠፋው ክብሩ ነበር። ገበሬው ያለ ቀጥቃጩ ማረሻ አያርስም፤ ቀጥቃጩን ግን «ቡዳ» እያለ ይሸሸው ነበር።

ዛሬ በእስራኤል ነገሩ የተገለበጠ ይመስለኛል። ለተመራቂው ክብሩ አለ፣ ጭብጨባው አለ፣ ፎቶግራፉ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በጎጆው ውስጥ የነበሩት ሦስቱ ነገሮች ግን የሉም። የራሱን ሥራ ልጀምር ቢል መምህሩ ማን ነው? መነሻውን ከየት ያመጣል? የመጀመሪያው ደንበኛስ ማን ይሆናል? ጥሩ የሚባል የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ክብሩንና እነዚህን ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ያስራቸዋል። እንዴት አድርጎ እንደሚያስራቸው ላሳያችሁ።

በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር፣ በካምብሪጅ ከተማ ኤም አይ ቲ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ። በምህንድስናና በሳይንስ የታወቀ ቢሆንም ስሎን የሚባል የንግድ ሥራ ትምህርት ቤትም አለው። እ.ኤ.አ. በ1990 በዚያ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ውድድር ተጀመረ። አዲስ ሥራ ለማቋቋም የተሻለውን ዕቅድ ያቀረበ ቡድን 10,000 ዶላር ይሸለም ነበር። ሽልማቱ በ1996 ወደ 50,000፣ በ2006 ወደ 100,000 ዶላር ከፍ አለ። ውድድሩን እስከ ዛሬ የሚያዘጋጁት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ገንዘቡን ለጊዜው እንተወውና አሠራሩን እንመልከት። ውድድሩ የአንድ ምሽት ዝግጅት አይደለም፤ ከትምህርቱ ዘመን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ድረስ በየደረጃው ይካሄዳል። መጀመሪያ ተማሪዎች ሐሳባቸውን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በሕዝብ ፊት ይናገራሉ። ቀጥሎ በብርዱ ወራት መካሪ ይመደብላቸውና ሐሳቡን ሰው ሊያየውና ሊሞክረው ወደሚችል ነገር ይለውጡታል። በመጨረሻ በሜይ ወር ሙሉ ዕቅዱን ይዘው ከዳኞች ፊት ይቀርባሉ። በየደረጃው ቀን የተቆረጠለት ሥራ አለ። «አንድ ቀን እጀምራለሁ» የሚል ተማሪ ቀኑ ሲቆረጥለት መነሳት ግድ ይሆንበታል።

ሁለተኛው ጥቅም ሰውን ከሰው ማገናኘቱ ነው። ምህንድስና የሚማረው ዕቃውን መሥራት ያውቃል እንጂ ዋጋ መተመንና መሸጥ አያውቅም። ንግድ የሚማረው ደግሞ ሂሳቡን ያውቃል፣ የሚሸጠው ግን የለውም። ውድድሩ ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጣቸዋል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን አንድ ሰው አለ፤ እርሱም እንደ እኛ ዖሌ ነበር። ዳኒ ሌዊን ይባላል። በ1970 በአሜሪካ፣ በዴንቨር ከተማ ተወለደ። በ1984፣ ማለት ብዙዎቻችን በሱዳን በኩል በምንመጣበት ዘመን፣ የ14 ዓመት ልጅ ሆኖ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም መጣ። በጻሃል አገለገለ፣ በቴክኒዮን ተማረ፣ ከዚያም በ1996 ለዶክትሬት ወደ ኤም አይ ቲ ሄደ። ባለትዳርና የልጆች አባት የሆነ ተማሪ ነበር። ከመምህሩ ከፕሮፌሰር ቶም ሌይተን ጋር ሆነው አንድ ችግር ያጠኑ ነበር። በኢንተርኔት ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቦታ ሲመጣ መንገዱ ይዘጋል። እነርሱ ያሰቡት አገሩ ሁሉ ወደ አንድ ወፍጮ ከሚጎርፍ በየመንደሩ ወፍጮ እንደ መትከል ያለ ነገር ነው፤ የሚፈለገውን ጽሑፍና ሥዕል ግልባጩን በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ አስቀምጦ ለእያንዳንዱ ሰው ከሚቀርበው ቦታ ማድረስ።

ሐሳቡ በሒሳብ ወረቀት ላይ የቀረ ሊሆን ይችል ነበር። ነገር ግን ስሎን የሚማሩ ወጣቶች ከእነርሱ ጋር ገቡና የሥራ ዕቅድ ጽፈው በ1998ቱ ውድድር ቀረቡ። ለመጨረሻው ዙር ደረሱ፤ አላሸነፉም። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር አካማይ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። በ1999 ኦክቶበር ደግሞ አክሲዮኑ በኒው ዮርክ በናስዳክ ገበያ ለሕዝብ ቀረበ። ዳኒ ሌዊን በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 አሸባሪዎች ከጠለፏቸው አውሮፕላኖች በአንዱ ውስጥ ተሳፍሮ ነበርና በ31 ዓመቱ ሕይወቱ አለፈ፤ ዝክሩ ለበረከት ይሁን። ያቋቋመው ድርጅት ግን እስከ ዛሬ ይሠራል።

ወገኖቼ፣ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ሽልማቱን አላገኘም። ከውድድሩ ያገኘው ግን ሦስት ነገር ነው፤ ዕቅዱን በወረቀት ለማስፈር የተቆረጠ ቀን፣ እርሱ የማያውቀውን ንግድ የሚያውቁ ጓደኞች፣ እንዲሁም ሥራውን መርምረው የሚጠይቁ ዳኞች። በደንብ የተዘጋጀ ውድድር ለተሸናፊውም ስንቅ ይሰጣል። አንድ አሸናፊ ሸልሞ ሌላውን ባዶ እጁን የሚሸኝ ውድድር ግን ከድግስ አይለይም።

ከውድድሩ በስተጀርባ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ድጋፍ አለ። ከ2000 ጀምሮ በኤም አይ ቲ የመካሪዎች አገልግሎት ይሰጣል። መካሪዎቹ ሥራ አቋቁመው ያደጉ፣ አንዳንዶቹም የከሰሩ፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ክፍያ አይቀበሉም። ከተማሪው ጋር የሚቀመጡት አንድ በአንድ ሳይሆን ብዙ ሆነው ነው፤ አንዱ ስለ ገበያ፣ አንዱ ስለ ሕግ፣ አንዱ ስለ ሂሳብ ይጠይቃል። የእኛ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር እንደሚመለከቱት ማለት ነው። አንድ ሽማግሌ ሊሳሳት ይችላል፤ ሦስት ሲሆኑ አንዱ የዘነጋውን ሌላው ያነሳዋል።

በበጋው ዕረፍት ደግሞ ዴልታ ቪ የሚባል የሦስት ወር ፕሮግራም አለ። የተመረጡት ተማሪዎች ሌላ ሥራ ሳይዙ ሙሉ ጊዜያቸውን ለዕቅዳቸው ያውላሉ፤ ለኑሮ የሚሆን ገንዘብም ያገኛሉ። በየወሩ የድርጅት ቦርድ እንደሚሰበሰብ ዓይነት ስብሰባ ይደረግና «ባለፈው ወር እሠራለሁ ያልከውን ሠራህ?» ተብለው ይጠየቃሉ። የሥራው ገንዘብ የሚሰጣቸው የተባለውን ደረጃ ሲደርሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው በዚህ ገንዘብ ምክንያት ከድርጅታቸው ድርሻ አይወስድም። ሴፕቴምበር ላይ የሠሩትን በሕዝብ ፊት ያሳያሉ። በዓሉ ይህ ነው፤ በቦታው የሚገኙትም አጨብጭበው የሚሄዱ ብቻ አይደሉም። ደንበኛ ሊሆን የሚችል፣ ገንዘብ ሊያበድር የሚችል፣ ሥራ ሊያስይዝ የሚችል ሰው ይጠራል።

የሚሸለሙትንም ልብ በሉ። በዚያ ትምህርት ቤት ሽልማት የሚያገኘው ድርጅት ያቋቋመ ተማሪ ብቻ አይደለም። ሌሎች ተማሪዎች ሥራ እንዲጀምሩ ለደከመ ተማሪ የተለየ ሽልማት አለ። በነፃ ሲመክር ለኖረ መካሪም እንዲሁ ሽልማት አለ። በአደባባይ የሚከበረው ምን እንደሆነ ያየ ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት ምን ለመሆን እንደሚመኝ መገመት አያስቸግርም።

ስለ መነሻ ገንዘብ ደግሞ ከዚያ ሩቅ ያልሆነ ሌላ ትምህርት ቤት ልጥቀስ። ባብሰን ኮሌጅ ይባላል፤ በ1919 የተቋቋመ የንግድ ሥራ ኮሌጅ ነው። እዚያ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በቆየ ደንብ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በቡድን ሆነው እውነተኛ ሱቅ ወይም አገልግሎት ያቋቁማሉ። መነሻውን ኮሌጁ ያበድራቸዋል። ሸጠው፣ ሂሳብ ይዘው፣ በዓመቱ መጨረሻ ሥራውን ዘግተው ብድሩን ይመልሳሉ፤ ትርፉ ለበጎ አድራጎት ይሰጣል። ልጁ በ18 እና በ19 ዓመቱ መበደርን፣ መክፈልን፣ አንድን ሥራ በሥርዓት መዝጋትን ይማራል ማለት ነው። በአባቱ ብረት ማጭድ እያበላሸ የተማረው ልጅ ይህ ነው።

«ይህ ሁሉ የአሜሪካ ነው» እንዳትሉኝ ወደ እዚህ ልመለስ። በሄርጽሊያ ያለው ዩኒቨርሲቲ፣ እስከ 2021 የሄርጽሊያ ማዕከል ይባል የነበረውና ዛሬ ራይክማን የሚባለው፣ ከ2001 ጀምሮ ዜል የተባለ የሥራ ፈጠራ ፕሮግራም አለው። በመጨረሻው ዓመት ያሉ ጥቂት ተማሪዎች ተመርጠው ከትምህርታቸው ጎን ለጎን ድርጅት ማቋቋም ይማራሉ። ከዚህ ፕሮግራም የወጡ ወጣቶች ካቋቋሟቸው ድርጅቶች አንዱ ጓደኛሞች በኢንተርኔት ገንዘብ አዋጥተው ለአንድ ሰው ስጦታ እንዲገዙ የሚያስችል ነበር። በ2011 ኢቤይ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ድርጅት ገዛው። እናንተ እናቶች፣ ይህ ምንድን ነው? መዋጮ ነው! ሙሽራ ሲዳር፣ ሰው ሲታመም፣ ኀዘን ሲደርስ ስናደርገው የኖርነው ነው። ሐሳቡ በእኛም ቤት ነበር። ልዩነቱ እነዚያ ልጆች ሐሳባቸውን ይዘው የሚሄዱበት በር ነበራቸው።

የእኛ ተማሪ በር ላይ የሚያጋጥመውን ሁሉም ያውቀዋል። ወደ ባንክ ሲሄድ ዓረቪም፣ ማለት ዋሶች፣ አምጣ ይባላል። ዋስ የሚሆን ሰው ቋሚ ገቢ ያለው መሆን አለበት፤ የልጁ አጎት ደግሞ የራሱን ማሽካንታ የሚከፍል ነው። መንግሥት በከፊል ዋስ የሚሆንበት የአነስተኛ ንግዶች ብድር አለ፤ ለእርሱም ቢሆን የሥራ ዕቅድና የተወሰነ መያዣ ይጠየቃል። በኤኮኖሚ ሚኒስቴር በኩል የሚሠሩ ማዖፍ የሚባሉ የምክር ማዕከሎችም አሉ። እነዚህን መጠየቅ መብታችን ነው፤ መጠቀምም ይገባናል። ነገር ግን ሌላው ተማሪ የአባቱን ጓደኛ ጠበቃ በስልክ ሲጠይቅ፣ የእናቱን የሥራ ባልደረባ የመጀመሪያ ደንበኛ ሲያደርግ የእኛ ልጅ ይህን አያገኝም። የሚያጥረው ዕውቀት አይደለም፤ የሚያውቀው ሰው ነው።

ወላጆች ደግሞ ይፈራሉ። «ተምረሃል፣ ደህና ቢሮ ግባ፣ ወር ጠብቀህ ደመወዝህን ብላ» ይላሉ። ፍርሃታቸውን አልንቀውም። ሁሉን ጥሎ የመጣ ሰው የያዘውን እንደገና ለመጣል አይደፍርም። ስለዚህ ልጁ ሥራውን ትቶ በትልቅ ዕዳ ይጀምር አልልም። በትንሹ፣ ገና ተማሪ ሳለ ይሞክር እላለሁ። ገቢው በሕግ ከተወሰነው በታች የሆነ ሰው እንደ ዖሴክ ፓቱር ተመዝግቦ መጀመር ይችላል። በማዓም፣ በማስ ሃክናሳና በቢቱዋህ ሌኡሚ ይመዘገባል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ሂሳብ ይይዛል። ባይሳካ ኪሳራው ትንሽ ነው፤ ትምህርቱ ግን ከእርሱ ጋር ይቀራል።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልግባ። እንደ እነዚያ ትምህርት ቤቶች ገንዘብ የለንም። አራት ነገር ግን ልናደርግ እንችላለን።

አንደኛ፣ የተቆረጠ ቀን ይኑረን። ማኅበራችን ከበዓላት በኋላ ትምህርት ሲከፈት ለተማሪዎች ጥሪ ያድርግ። በሐኑካ ሐሳባቸውን ይንገሩን፤ ለፔሳሕ የሠሩትን ያሳዩን፤ በበጋው መግቢያ በሕዝብ ፊት ያቅርቡ። የምረቃውን ድግስ ከዚያ ቀን ጋር እናገናኘው። በዚያ ምሽት ለዘመድ ብቻ ሳይሆን ለባለሱቁ፣ ለሂሳብ አዋቂው፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛም ጥሪ ይድረሰው።

ሁለተኛ፣ ለአንድ ተማሪ ሦስት መካሪ እንመድብ። አንዱ ከእኛው ነጋዴዎች ይሁን። ምግብ ቤት፣ የቅመማ ቅመም ሱቅ፣ የጽዳት ድርጅት፣ የልብስ ስፌት ቤት የከፈቱ ወገኖች አሉን፤ ቶአር ባይኖራቸውም ቶአር ያለው የማያውቀውን ያውቃሉ። አንዱ የሂሳብ ወይም የሕግ ሰው ይሁን። ሦስተኛው ከማኅበረሰባችን ውጭ ይሁን፤ ልጁን ወደማያውቀው ሰው የሚያደርሰው እርሱ ነውና። በወር አንድ ጊዜ፣ ሦስቱም አብረው፣ በነፃ ይቀመጡ።

ሦስተኛ፣ መነሻ ገንዘብ ከእቁብ እንማር። 20 ቤተሰብ በወር 100 ሼቄል ቢያዋጣ በዓመት 24,000 ሼቄል ይሆናል። ለሁለት ወይም ለሦስት ተማሪዎች ትንሽ መነሻ ነው። ስጦታ ሳይሆን ያለ ወለድ የሚመለስ ብድር ይሁን፤ ተመልሶ ለሚቀጥለው ይሰጥ። በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሥራው ደረጃ በደረጃ ሲታይ ይከፈል። ውሉ በአማርኛና በዕብራይስጥ ይጻፍ። መዝገቡን የሚይዘው ሰው በየሦስት ወሩ በጉባኤ ፊት ይክፈተው። ገንዘቡ እንደ ዕድር ገንዘብ የታመነ ካልሆነ የሚያዋጣ አይገኝም።

አራተኛ፣ የምናከብረውን እናስፋ። አሸናፊውን እንሸልም፤ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ በነፃ የመከረችውን እናትም በስሟ ጠርተን እናቁማት። ሥራው አልሆን ብሎት ዕዳውን ከፍሎ በሥርዓት የዘጋውን ወጣትም እናክብረው። ይህን ስል «የከሰረ ይሸለማል እንዴ?» የሚል አለ። ብድሩን ከመለሰ ከስሯል አልልም፤ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው መንገዱ የት ላይ ጉድጓድ እንዳለበት ያሳየ ሰው ነው። ካሳፈርነው ዝም ይላል፤ ዝም ካለ ሌላው እዚያው ጉድጓድ ይገባል።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። ኮሌጅ ስትመርጡ የሕንፃውን ማማርና የማስታወቂያውን ወረቀት ብቻ አትዩ። ጠይቁ፤ ተማሪ ሥራ ለመጀመር ቢፈልግ ማን ይቀበለዋል? መካሪ አለ? ውድድር ካለ ለተሸነፉት ምን ይደረግላቸዋል? ኮሌጁ ለሚሰጠው ድጋፍ ከድርጅቱ ድርሻ ይወስዳል? ከዚህ በፊት የተመረቁ ተመልሰው ተማሪ ይረዳሉ? እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ የማይችል ኮሌጅ ስለ ስኬት በዓል ቢያወራላችሁ ስለ ወንበርና ስለ ድምፅ ማጉያ እያወራላችሁ እንደሆነ ዕወቁ። ገብታችሁ የምትማሩትም ብትሆኑ ጠይቁ። ስትጠይቁ ብቻችሁን አትሂዱ፤ አሥር ሆናችሁ ሂዱ።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። አዳራሽ ሞልተን ማጨብጨብን እናውቅበታለን። አሁን የምጠይቃችሁ ከአዳራሹ ከመውጣታችሁ በፊት በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወረቀት እንድታዩ ነው። በአንዱ ላይ መካሪ ለመሆን የሚፈቅድ ስሙንና ሙያውን ይጻፍ። በሁለተኛው ላይ ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ተማሪ ሐሳቡን በሁለት መስመር ያስፍር። ሽማግሌዎቻችን እንደለመዱት ሁለቱን ወረቀቶች አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ማንን ከማን ጋር ማገናኘት እንደሚገባ ይነግሩናል።